በበራሪ ወረቀቱ ግርጌ ያለችው መስመር

በዌልስ ምርጫ ሲቃረብ በየቤቱ የሚታደለው በራሪ ወረቀት አንዳንድ ጊዜ የሰፈር ጋዜጣ መስሎ ይመጣል። የማን እንደሆነ የሚታወቀው ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል ከሰፈረች አንዲት መስመር ነው። መስመሯ የሕግ ግዴታ ናት፤ የአታሚውን፣ የአሳታሚውንና ወረቀቱ የወጣለትን ወገን ስምና አድራሻ መያዝ አለባት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መስመሯ የምትነግረን ማን እንደተናገረ እንጂ የተናገረው እውነት መሆኑን አይደለም። የምርጫ ኮሚሽኑም የቅስቀሳ ጽሑፍን እውነትነት አይመረምርም። «እዚህ ተፎካካሪዎቹ ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ናቸው» ብሎ መራጩን የሚያሳስት የተዛባ ግራፍ በዚህ ደንብ አይያዝም። ይህ መራጩን የሚጎዳ ክፍተት ነው፤ በተለይ የራሱ ፓርቲ ያወጣውን ሁሉ ሳይጠይቅ የሚቀበለውን።

ለብሪታንያ ፓርላማና ለአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ የሚሠራው የ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሕግ ስለ ተወዳዳሪ የግል ጠባይና ምግባር ሐሰት ማውራትን ይከለክላል፤ ተናጋሪው እውነት ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ከነበረው ግን አይጠየቅም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ለፓርላማ ተወዳድሮ ያሸነፈው ፖለቲከኛ ፊል ዉላስ መቀመጫውን ያጣው በዚህ ሕግ ነው። ስለ ተወዳዳሪው የፖለቲካ አቋም ብቻ የተነገረ ውሸት በዚህ አንቀጽ አይነካም።