ፊለር ምንድን ነው? «ናሩቶ»ን ከመፍረዳችን በፊት

ስለ ወጣት ኒንጃዎች የሚተርከውን የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ተከታታይ) አይቶ «ናሩቶ ይንዛዛል፤ ግማሽ ላይ ተውኩት» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። የቱ ላይ ስትደርስ? መልሱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ናሩቶና ጓደኛው ሳስኬ ፏፏቴው ጋ ተፋልመው፣ ሳስኬ መንደሩን ጥሎ ከሄደ በኋላ። እኔም እዚያ ላይ ልተወው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ፊለር የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ቃሉ «መሙያ» እንደማለት ነው። አኒሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከማንጋ፣ ማለትም ቀድሞ በሥዕል ከወጣ ታሪክ ነው። በማንጋው ውስጥ የሌለ፣ ክፍተት ለመሙላት የአኒሜው ሠሪዎች ራሳቸው ፈጥረው ያስገቡት ክፍል ፊለር ይባላል።

ክፍተቱ ከየት መጣ? ነገሩ የሒሳብ ነው። ማሳሺ ኪሺሞቶ ናሩቶን በ1999 በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ ጀመረ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። በሳምንት አንድ ምዕራፍ፣ ሃያ ገጽ ገደማ፣ ያውም በእጅ የሚሳል። በ2002 ደግሞ ስቱዲዮ ፒዬሮ የሠራው አኒሜ በቲቪ ቶኪዮ መታየት ጀመረ። እሱም በሳምንት አንድ ነው። ግን አንድ ክፍል ብቻውን ሁለት ምዕራፍ ገደማ ይጨርሳል። ደራሲው አንድ ሲስል አኒሜው ሁለት ይበላል። የሦስት ዓመት ስንቅ ይዞ ቢነሳም፣ ስንቁ ማለቁ አይቀርም። ጣቢያው ደግሞ የያዘውን ሰዓት መልቀቅ አይፈልግም።

እንግዳ ተቀምጦ ወጡ ካልደረሰ እኛ ቤት ምን ይደረጋል? ቆሎ ይቀርባል። ፊለር ያ ቆሎ ነው። ወይም ደግሞ ወጡ ላይ ውሃ ይጨመራል። ይሄኛው ሌላ ችግር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከፊለር ጋር ያምታታዋል። ዋን ፒስ የሚባለውን አኒሜ ያየ ያውቀዋል። ፊለሩ ከናሩቶ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ግን አንዳንዴ አንዲት ምዕራፍ ሙሉ ክፍል ሆና ትዘረጋለች። ሁሉም ሰው ተራ በተራ ደንግጦ ይታያል፣ ያለፈው ሳምንት ይደገማል፣ ጡጫው ሳያርፍ ሰዓቱ ያልቃል። ታሪኩ የደራሲው ነው፤ ወጡ ቀጥኗል እንጂ።

ወደ ናሩቶ ልመለስ። የመጀመሪያው ተከታታይ 220 ክፍል አለው። የፏፏቴው ፍልሚያ ታሪክ የሚዘጋው 135ኛው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ከሞላ ጎደል በሙሉ ፊለር ነው። ከ80 በላይ ክፍል! በሰዓት ቢቆጠር ወደ 30 ሰዓት ይጠጋል። ጓደኛው ጥሎት ሄዷል፣ ናሩቶ ለቡድን ጓደኛቸው ለሳኩራ «እመልሰዋለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል፣ የእኛም ልብ ተንጠልጥሏል። እሱ ግን ሌባ ያሳድዳል፣ ሰው ያጅባል፣ የማናውቃቸውን መንደሮች ያድናል።

ጃፓን ያለ ልጅ ይህን የሚያየው በሳምንት አንድ ነበር። ትምህርት ቤት ውሎ ይመጣል፣ ያያል፣ ይረሳዋል። እኛ ግን በፍላሽ አስገልብጠን ወይም ከቴሌግራም አውርደን በአንድ ሌሊት አሥሩን የምናይ ነን። ለዚህ ነው እኛ ላይ የሚከብደው። የሚያልቀው ሜጋባይትም የራሳችን ነው።

ለመሆኑ ፊለር ለምን ይደክማል? ሥዕሉ ስለወረደ ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት ፊለር ምንም ነገር መለወጥ አለመቻሉ ነው። ማንጋው ገና እየተሳለ ነው። የአኒሜው ጸሐፊዎች ደራሲው ነገ ምን እንደሚያመጣ እየገመቱ መሥራት አይችሉም። ስለዚህ ዋና ሰው አይሞትም። ማንም አካሉ አይጎድልም። ጠላት የነበረ ወዳጅ ሆኖ አይዘልቅም። ፊለሩ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ወደነበረበት ቦታ መመለስ አለበት። ተመልካች ይህን ባያውቀውም ይሰማዋል። የፍልሚያ ታሪክ ደግሞ የሚያዘው «አሁን አንድ ነገር ሊሆን ነው» በሚል ስጋት ነው። ስጋቱ ከሌለ ጡጫው ዳንስ ነው።

ከዚህ ጋር 48ኛውን ክፍል አስተያዩት። ሮክ ሊ የሚባለው ወጣት ኒንጃ «ጋራ» ከሚባል የሌላ መንደር ኒንጃ ጋር ይገጥማል። ጋራን የሚከላከልለት አሸዋ ራሱ እየተነሳ ምቱን ሁሉ ይመክታል። የሊ ምት አንድም አልገባም። መምህሩ ጋይ ከላይ ሆኖ «አውልቀው» ይለዋል። ሊ ትልቁ የድንጋይ እጅ ላይ ተቀምጦ ከእግሩ ላይ የታሰሩ ክብደቶችን ይፈታል። ክብደት ቢያወልቅ ምን ሊመጣ ነው እያልን ነው የምናየው። ከዚያ ይለቃቸዋል። ወለሉ ይደረመሳል፣ አቧራው ቡን ይላል። ቀጥሎ ሊ ከዓይን ይጠፋል፤ አሸዋው ሊደርስበት አይችልም።

የሚያምረው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሊ ይሸነፋል። አሸዋው እጁንና እግሩን ይሰብረዋል። ራሱን ስቶ እንኳ ቆሞ ይገኛል። ኒንጃ መሆንህ አብቅቷል ይባላል። ያ ጉዳት ለብዙ ክፍሎች አብሮት ይቆያል፤ በክራንች ሲሄድ እናየዋለን። እኔ ናሩቶን የምወደው በዚህ ነው። ምቱ ዋጋ አለው። ይህን ፊለር ውስጥ ብታስገቡት፣ ሊ በሚቀጥለው ሳምንት ድኖ ይነሳ ነበር።

ታዲያ ፊለር ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። 101ኛው ክፍል ፊለር ነው፤ በጣም ከምወዳቸው አንዱም ነው። ናሩቶ፣ ሳስኬና ሳኩራ የመምህራቸውን የካካሺን ፊት ለማየት ይነሳሉ። ሰውየው ጭንብሉን አውልቆ አያውቅም። ራመን ይጋብዙታል፤ ሊበላ ሲል ጓደኞቻቸው እነኢኖ ደርሰው ይጋርዷቸዋል፣ ዘወር ሲሉ ሳህኑ ባዶ ነው። መጨረሻ ላይ ራሱ ካካሺ «ላሳያችሁ» ብሎ ያወልቀዋል። ከሥሩ ሌላ ጭንብል አለ። ይህ ክፍል የሠራው ምንም መለወጥ ስላላስፈለገው ነው። የልጆች ጉጉት ብቻ በቂው ነው።

በሌላ በኩል የናሩቶን ድክመት ሁሉ ፊለር ላይ መለጠፍም ልክ አይመስለኝም። የሳኩራ ነገር የማንጋው ችግር ነው፤ ዋና ገጸ ባሕርይ ተብላ ብዙውን ጊዜ ቆማ ታለቅሳለች። የመጨረሻዋ ጠላት ካጉያም እንደዚያው ናት። ያን ሁሉ ዘመን ማዳራ የሚባለውን ጠላት ስንፈራ ከርመን፣ የታሪኩ መዝጊያ የሆነው ጦርነት ሊያልቅ ሲል ያልጠበቅናት ሴት ከች ትላለች። እነዚህ የደራሲው ምርጫዎች ናቸው፤ ማንጋውን ያነበበም ያገኛቸዋል። ፒዬሮን በዚህ መውቀስ አንችልም። ይልቅ ጦርነቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ በሕልም ሰበብ ብዙ ክፍል የበላብን እሱ ነው፤ በዚህኛው እወቅሰዋለሁ።

አሁን አሁን ፊለር እየጠፋ ነው። ዲመን ስሌየር የሚባለው አኒሜ በ2019 ሲጀምር 26 ክፍል አሳይቶ አቆመ፤ ቀጣዩ ሲደርስ ተመለሰ። ብሊች የሚባለውም ድሮ ከ2004 እስከ 2012 ያለ ዕረፍት 366 ክፍል ሄዶ፣ በ2022 ሲመለስ በሲዝን ተከፋፍሎ ነው። መጠበቁ ያበሳጫል፤ ሥዕሉን ሲያዩት ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ናሩቶን ትታችሁ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። 135ኛውን ከጨረሳችሁ በቀጥታ ወደ 220ኛው እለፉ። ናሩቶ ከአሠልጣኙ ከጂራያ ጋር ለሥልጠና ከመንደሩ የሚወጣበት ነው። ከዚያ ሺፑደንን፣ ማለትም ቀጣዩን ተከታታይ፣ ጀምሩ። ሺፑደን ውስጥም ብዙ ፊለር አለ፤ ግን ከ349 እስከ 361 ያለውን እንዳትዘሉት። የካካሺ የወጣትነት ጊዜ ነው። አብዛኛው ማንጋው ውስጥ የለም፤ ሰውየው ለምን ሁሌ የሟቾች መታሰቢያ ድንጋይ ፊት ቆሞ እንደሚያረፍድ ግን ያን ጊዜ በደንብ ይገባችኋል።