የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ፦ ሱሪውን የሚሸጥ ስለሰፋው ሰው ሲጠየቅ

ካራቺ፣ ፓኪስታን ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ነበር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012፣ በእኛ የ2005 እንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው፣ እሳት ተነሳበት። መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ፣ መውጫዎቹም የተቆለፉ ስለነበሩ ከ250 በላይ ሰዎች እዚያው አለቁ። በኋላ የፓኪስታን ፍርድ ቤት እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ብሎ ፈርዷል። ማንም ይለኩሰው፣ ሠራተኛው መውጫ ያጣው ግን በሩ ስለተቆለፈ ነው። በጣም የሚያንገበግበው ደግሞ ፋብሪካው ከቃጠሎው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የሠራተኛ አያያዙ ደህና ነው የሚል ኤስኤ 8000 የተባለ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ማግኘቱ ነው።

የፋብሪካው ዋና ደንበኛ ኪክ የተባለው የጀርመን የርካሽ ልብስ ነጋዴ ነበር። ኩባንያው በ2016 ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ቀደም ብለው ግን ሦስት የሟች ቤተሰቦችና አንድ በሕይወት የተረፈ ሠራተኛ ዶርትሙንድ በተባለችው የጀርመን ከተማ ፍርድ ቤት ከሰውት ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2019 መጀመሪያ ክሱን ዘጋው፤ ምክንያቱ በፓኪስታን ሕግ መሠረት ክስ የሚቀርብበት የይርጋ ጊዜ አልፏል የሚል ነው። ልብሱን የሚገዛው ኩባንያ ይጠየቃል ወይ የሚለው ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

ከካራቺው እሳት ሰባት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 2013፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው፣ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ገደለ። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበር። እዚያው ሕንፃ ላይ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤት ሲሰድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ ግቡ ተባሉ። ከፍርስራሹ ውስጥ አውሮፓ የሚሸጡ ልብሶች ምልክት ተለቅሞ ወጣ።

የተባበሩት መንግሥታት በ2011 ኩባንያዎች ሰብአዊ መብትን እንዲያከብሩ መመሪያ አጽድቆ ነበር፤ አስገዳጅ ግን አልነበረም። ጀርመንም መጀመሪያ በበጎ ፈቃድ ሞከረችው። በ2020 ሲጣራ፣ ከአምስት ኩባንያ አንዱ እንኳ የሚጠበቅበትን አላሟላም። የአቅርቦት ሰንሰለት ሕጉ፣ ማለትም ዕቃው ከሠሪው እስከ ሻጩ የሚያልፍባቸውን እጆች የሚመለከተው ሕግ የመጣው ያኔ ነው፤ በ2021 ጸድቆ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ መጀመሪያ 3,000፣ በዓመቱ ደግሞ 1,000 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ጀርመን ውስጥ ያላቸውን ኩባንያዎች ያዘ። ኩባንያው የሕፃናት ጉልበት፣ የግዳጅ ሥራ፣ የሠራተኛ ማኅበር ክልከላ፣ የመሬት ቅሚያ አለ ወይ ብሎ አስቀድሞ ማጣራት፣ ካገኘም እርምጃ መውሰድ፣ አቤቱታ መቀበያም መክፈት አለበት። ተቆጣጣሪው ባፋ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ዓመታዊ ሽያጩ ከ400 ሚሊዮን ዩሮ የሚበልጥ ኩባንያ ካጠፋ ቅጣቱ እስከ ሽያጩ 2 በመቶ ይደርሳል። በአካባቢ ጥበቃ በኩል ግን ሕጉ ጠባብ ነው፤ በዋናነት ሜርኩሪን፣ አደገኛ ኬሚካሎችንና አደገኛ ቆሻሻን ነው የሚያነሳው።

ትልቁ ቀዳዳው ሌላ ነው። ሙሉ ግዴታው የሚመለከተው የኩባንያውን የራሱን ሥራና ቀጥተኛ አቅራቢውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ላለው የሚጠየቀው ጥሰት እንዳለ የሚያመለክት ተጨባጭ መረጃ ሲደርሰው ነው። ቡናችንን እንይ፤ ጀርመን ከዋና ገዢዎቻችን አንዷ ናት። ቡና የሚቆላ አንድ የጀርመን ኩባንያ ውል የሚፈራረመው ብዙ ጊዜ ከላኪ ጋር ነው። እሸት ቡናውን የለቀመችው ሴት ግን ከሰብሳቢው፣ ከመፈልፈያ ጣቢያውና ከአቅራቢው ኋላ ናት። ጉልበት የሚበዘበዘው በአብዛኛው እዚያ ታች ሆኖ ሳለ ሕጉ እዚያ ሲደርስ ይላላል። በዚያ ላይ ተጎጂው በዚህ ሕግ ብቻ ተመሥርቶ ካሣ መጠየቅ አይችልም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ሰፋ ያለ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ግን ማላላት ጀመረ። የጀርመን መንግሥትም በ2025 ኩባንያዎች ለባፋ የሚያቀርቡትን ዓመታዊ ሪፖርት የሚያስቀር ረቂቅ አዘጋጀ። ተጽዕኖው የመጣው ወረቀት በዛብን ከሚሉ ነጋዴዎች ነው። ወረቀቱ መብዛቱ እውነት ነው፤ ግን በዚያው ወረቀት ነው የሰንሰለቱ መጨረሻ የሚታየው። የአቤቱታው በር ዛሬም ለማንም ክፍት ነው፣ ከውጭ አገር ለሚመጣም ጭምር። ለቃሚዋ ግን የለቀመችውን ቡና የትኛው ኩባንያ እንደገዛው የሚነግራት የለም።