«ቅኔው ቢጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት»

ባለፈው ጥር ደሴ ሠርግ ተጠርቼ ነበር። ከሙሽራው ወገን አንድ ጎልማሳ «ግጥም አለኝ» ብሎ ተነሳ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፦

ባቲ ገበያ ላይ ብወጣ ብወርድም፣

ቆመ። ሁለተኛው ስንኝ ጠፋበት። «ብወጣ ብወርድም» ብሎ ደገመው፤ አሁንም አልመጣለትም። ያን ጊዜ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ «ዘራፍ!» ሲል ድንኳኑን አናወጠው። እልልታው ቀለጠ፤ ግጥሙን የጠየቀ አልነበረም። ከጎኔ የተቀመጡት፣ በልጅነታቸው ዋድላ ቅኔ ቤት የከረሙ ሽማግሌ ግን የጠላ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀስ ብለው «ቅኔው ቢጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት» አሉ።

ፍቺው ሩቅ አይደለም፤ ፍሬ ነገሩ ሲያልቅበት በድምፅ ለሚያካክስ ሰው የሚነገር ነው። ማስረጃ አጥቶ ጠረጴዛ የሚደበድብ ተከራካሪ፣ ሥራው ባዶ ሆኖ መፈክር የሚያበዛ ሹም፣ ስብከቱ ሲያልቅበት ማይክሮፎኑን አፉ ውስጥ የሚከት ሰባኪ፣ ሁሉም ይህን ተረት ይለብሷታል። አንዳንዱ ግን «ቅኔው ቢጎድልህ ቀረርቶ ሙላበት» ይላል። «ሞላበት» ሲሉት ሽሙጥ የነበረው፣ «ሙላበት» ሲሉት ጥቅሻ ያለበት ምክር ይሆናል፤ ማን ያውቅብሃል፣ ዝም ብለህ ጩህ እንደማለት።

እኔን የሚገርመኝ ግን «ጎደለ» የሚለው ቃል ነው። ለምን «ጠፋበት» ወይም «ከበደው» አልተባለም? ቅኔ ልክ ስላለው ነው። የግዕዝ ቅኔ የሚለካው በቤት፣ ማለትም በስንኝ፣ ነው፤ ከቅኔ ዓይነቶቹ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ተማሪው ብቻውን ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሠራውን ሥራ እንኳ «ቅኔ መቁጠር» ይሉታል። ቆጥሮ ሲመለስ የኔታ ፊት ቆሞ ያሰማል። አንድ ቤት ቢያጥር ዜማው የሚያርፍበት ያጣል፤ ምሥጢሩ የቱንም ያህል ቢያምር የኔታ ይመልሱታል። ወሎ ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ዋድላ ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ መንገድ ነው። እንግዲህ ተረቱ ከማን አፍ እንደወጣ ቃሉ ራሱ ያሳብቃል። ጉድለቱን የሚሰማው ልኩን የሚያውቅ ነውና፣ ይህ የደብተራ ሽሙጥ ነው።

ደብተራ ስለሆነም ለአርበኛው አላዘነም። ቀረርቶም እኮ ቤት ይመታል፣ የራሱ ወግ አለው፤ ጦር ሜዳ ላይ ያለ ሰው ግን ቤት አይቆጥርም፣ ልብ ይሞላል። ተረቱ ቀረርቶን የጩኸት ስም አድርጎ ማስቀረቱ፣ በእኔ ግምት፣ ትንሽ ግፍ አለበት።

ቤት የሚቆጥረው ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። ዐረብኛም የግጥምን ስንኝ «በይት» ይለዋል፤ ያው ቤት ማለት ነው። ስለዚህ የወሎ መንዙማ አውጪና የዋድላ ባለቅኔ፣ አንዱ ድቤ ሌላው ከበሮ ይዘው፣ ግጥምን በአንድ ቃል ይሠሩታል፤ መኖሪያ አድርገው። የቅዱሳት መጻሕፍቱ ግን ሌላ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱን «ቁጥር» እንላለን፣ የቁርኣኑን «አያ»፤ ትርጉሙም ምልክት ነው። አያን በይት ብሎ የሚጠራ ሼህ አታገኙም፤ ያሲን ምዕራፍ 69ኛው አንቀጽ ነቢዩ ቅኔ እንዳልተማሩና ለእሳቸውም እንደማይገባ ይናገራልና። መንዙማው ይገጠማል፣ ይዜማል፣ ጀማው አዝማቹን ይቀበላል፤ አያው ግን ይቀራል እንጂ አይገጠምም።

ዘፈን ከሁሉም ይልቅ ይቅር ባይ ነው። ባቲና አምባሰል የቦታም የቅኝትም ስሞች ናቸው። በእነዚህ ቅኝቶች የሚያዜም ሰው ቀለም፣ ማለትም የስንኙ ድምፅ፣ ቢያጥረው «አየ» ይላል፣ «እህህ» ይላል፣ ግማሹን ስንኝ ይደግማል፤ ማሲንቆውም ቀሪውን ይዞለት ይሄዳል። እዚያ መሙላት ነውር አይደለም፣ እንዲያውም አድማጭን የሚያስለቅሰው ብዙ ጊዜ ያ «እህህ» ነው። ያ የሠርጉ ጎልማሳ ዘራፍ ከማለት ይልቅ ቢያንጎራጉር ኖሮ ማንም ባልነቃበት!

ሽማግሌው ግን ነገሩ አልወጣላቸውም። ጭፈራው ደርቶ ሳለ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እየነካኩ የስንኙን ቀለም ይቆጥሩ ነበር፤ ስድስት፣ ደግሞ ስድስት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና የጎደለውን ሰጡኝ፦

ባቲ ገበያ ላይ ብወጣ ብወርድም፣
ዓይንሽን የሚመስል አልተገኘም አንድም።

«ሞላ፣ አባ» አልኳቸው።

«ሞላ?» አሉና ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አንድም...»

በአብነት ትምህርት ቤት «አንድም» ከተባለ ሌላ ፍቺ ይከተላል። እኔም ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ። እሳቸው ሳቁና ጠላ እንዲጨመርላቸው አሳላፊዋን ጠሩ።