ሕጋዊ መከላከል ምንድን ነው? «እሱ ነው የጀመረው» ለምን አይበቃም?

«ቀድሞ በጥፊ የመታው ሟቹ ነው። ልጁ ራሱን ነው የተከላከለው። ነጻ መውጣት አለበት።» በጠብ ሰው በሞተ ቁጥር እንዲህ የሚል አስተያየት አነባለሁ። ላይኩ ብዙ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «አንቀጽ 78ን አንብቡ» ብሎ ይጨምርበታል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። አደገኛም ነው፤ ይህን አምኖ ቢላ የሚያነሳ ሰው አለና።

ስለ ሕጋዊ መከላከል የሚናገረው፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ማን ጀመረ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌላ ነው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ ነበር? እየተፈጸመ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ ነበር? በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ነበር? የመከላከሉ እርምጃ ከአደጋው ጋር ይመጣጠን ነበር? ለአራቱም መልሱ አዎ ከሆነ፣ አጥቂው ቢሞት እንኳ ተከላካዩ አይቀጣም። ማን ጀመረ የሚለው ሕገ ወጡ ጥቃት ከማን እንደመጣ ለማወቅ ይረዳል። ከዚያ አያልፍም።

ቤት ውስጥ የተነሳ እሳት አስቡ። እየነደደ ሳለ ውሃ የሚደፋን ሰው ማንም አይወቅሰውም። ጭስ ካየም ነበልባሉን ቆሞ መጠበቅ የለበትም። ሕጉ «ሊፈጸም የተቃረበ ጥቃት» የሚለው ያንን ጭስ ነው። «ጎረቤቴ አንድ ቀን እሳት ያስነሳብኛል» ብሎ ዛሬ የጎረቤቱን ቤት በውሃ የሚያጥለቀልቅ ግን እሳት እያጠፋ አይደለም። እሳቱ ጠፍቶ አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ የሚደፋም እንደዚያው። ሆን ብሎ ክብሪት ለኩሶ፣ እሳቱ ሲነሳ ቤቱን በሙሉ የሚያፈርስ ሰውም «እሳት አደጋ ነኝ» ቢል አይታመንም። ሌላውን ለመምታት ሰበብ ሲፈልግ ቆይቶ ጠቡን የጠነሰሰ ሰው ማለት ይሄ ነው።

ወደ ጥፊው እንመለስ። ጥፊው አርፏል። መቺው ዞሮ እየሄደ ነው። የተመታው ቤት ገብቶ ቢላ ይዞ ወጣና ከኋላው ደረሰበት። ታዲያ እሳቱ የታለ? ይህ በቀል ነው። ንዴቱ ይገባኛል፤ በሰው ፊት መመታት ያማል። ግን አንቀጽ 78 የተጻፈው ለንዴት አይደለም።

የእሳቱ ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። እሳት መብት የለውም። ስንት ባልዲ ውሃ እንደፈሰሰበት ማንም አይቆጥርም። አጥቂው ግን ሰው ነው፤ እያጠቃ እንኳ ሕይወቱ በሕግ ይጠበቃል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ባልዲውን ይቆጥራል።

እዚህ ላይ ሌላው አስተያየት ሰጪ ይመጣል። «ተመጣጣኝ ማለት ቦክስ በቦክስ፣ ዱላ በዱላ፣ ቢላ በቢላ ነው» ይላል። ይህም ስህተት ነው፤ የዚህኛው ጉዳት ደግሞ ደካማው ላይ ያርፋል። ሕጉ የሚመዝነው የመሣሪያውን ዓይነት ብቻ አይደለም። የአደጋውን ክብደትና የሚጠበቀውን መብት ይመዝናል። ባዶ እጁን የሆነ ጉልበተኛ አንዲትን ሴት አንገቷን አንቆ ከያዛት፣ እጇ የደረሰበትን ነገር አንስታ ብትመታው «እሱ እኮ መሣሪያ አልያዘም» አይባልም። ትንፋሿ እየተቋረጠ ነው። በዚያች ቅጽበት ሌላ ምን ምርጫ ነበራት?

ከዚህ የሚከብደው ለዓመታት ስትደበደብ የኖረች ሚስት ባሏ ተኝቶ ሳለ የገደለችው እንደሆነ ነው። የሕጉ ቃል «የተቃረበ» ስለሚል አንቀጽ 78 በቀላሉ አይሸፍናትም። እኔ ሕጉ እዚህ ላይ ጠባብ ነው ባይ ነኝ። ጠበቃዋ ግን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም፤ ወደ ኋላ የምጠቅሰው፣ የግድያን ቅጣት የሚያቀልለው አንቀጽ 541 አለ።

ንብረትስ? አንቀጹ ሰውነትን ብቻ ሳይሆን ሌሎች በሕግ የታወቁ መብቶችንም ለመከላከል ይፈቅዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148ም በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደብህን ዕቃ፣ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ወይም እየሸሸ ሳለ ይዘህ ወዲያውኑ ማስመለስ እንደምትችል ይናገራል። ግን ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ጉልበት እንዳትጠቀም እዚያው ይከለክላል። ስለዚህ ሞባይል ነጥቆ የሚሮጠውን ልጅ ማሳደድ፣ ይዞ ማስለቀቅና ለፖሊስ ማስረከብ ይቻላል። «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ ተይዞ መሬት ላይ የወደቀውን ልጅ ግን መንገደኛው ሁሉ እየተቀባበለ ሲረግጠው እዚያ ምንም መከላከል የለም። ስልኩ ተመልሷል። አንድ ርግጫ የጨመረ ሁሉ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ልጁ ከሞተ ክሱ የሰው ግድያ ሊሆን ይችላል። ይህን ደጋግሜ የምለው በየሰፈሩ እንደ ጽድቅ ሥራ ስለሚታይ ነው።

ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት ያልኩትም እንዳይረሳ። በሕግ አግባብ የሚይዝህን ፖሊስ መምታት መከላከል አይባልም። አንተ አጥቅተኸው ራሱን እየተከላከለ ያለውን ሰውም «እኔም ተከላከልኩ» ብለህ ልትገድለው አትችልም።

ሰው የሚዘነጋው ደግሞ በነጻ መውጣትና በሙሉ ቅጣት መካከል ሰፊ ቦታ መኖሩን ነው። እውነተኛ ጥቃት ነበር፣ ተከላካዩ ግን ከልክ አለፈ እንበል። አጥቂው ከወደቀ በኋላ አንድ ጊዜ ጨመረለት። ይህ የአንቀጽ 79 ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልለታል። ከልክ ያለፈው ጥቃቱ በፈጠረበት ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነና ያም ይቅር የሚያሰኝ ከሆነ ጨርሶ ላይቀጣውም ይችላል። ሰው ሞቶ ከሆነ አንቀጽ 541 ይመጣል፤ ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። በአንቀጽ 540 የተመለከተው ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ልዩነቱ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ነው።

541 ሌላም በር አለው። በከባድ ማነሳሳት ወይም ሁኔታው ሲታይ ሊገባን በሚችል ብርቱ ስሜት ውስጥ ሆኖ የገደለም በዚሁ ይዳኛል። የተሰደበ፣ የተዋረደ፣ በጥፊ የተመታ ሰው ክርክሩን ማንሳት ያለበት እዚህ ነው። ይሳካለታል አልልም፤ ፍርድ ቤት አንድ ጥፊን ከባድ ማነሳሳት ነው ላይል ይችላል። ቢሳካለትም ቅጣቱ ይቀንሳል እንጂ በነጻ አይወጣም።

ጠበቃ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። «ራሴን ተከላከልኩ» የሚል ሰው መምታቱን አብሮ አምኗል። ፖሊስ ጣቢያ «ቦታው ላይ አልነበርኩም» ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ችሎት ፊት መከላከልን የሚያነሳ ተከሳሽ ሁለቱንም ክርክር ያበላሻል። የወንጀሉን መፈጸም የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው። ጥቃት ተሰንዝሮብኝ ነበር የሚለውን ግን በተግባር ምስክርና ማስረጃ ይዞ መቅረብ ያለበት ተከሳሹ ነው። በክንዱ ላይ የቀረው ቁስል በሐኪም ሳይመዘገብ ከዳነ፣ ከወራት በኋላ ችሎት ፊት የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።