ጭካኔ ምንድን ነው? (ዋጋ አልቀንስም ማለት አይደለም)

ሰሞኑን ጨካኝ ያልተባለ ሰው ጠፋ። እዚህ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር ጅሬን ለመሄድ ዋጋ አልቀንስም ያለ ባለባጃጅ ጨካኝ ነው፣ ዱቤ የከለከለ ባለሱቅ ጨካኝ ነው፣ ስልክ ያላነሳች ልጅ ጨካኝ ናት፣ ፈተና ያከበደ መምህርማ አይነሳ። ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር፣ አማርኛ ማስተማርና ማረም እንጀራዬ ስለሆነ በየቀኑ ልናደድ ብል አልዘልቀውም፣ ግን አንዱ አስተያየት ሰጪ ደረቱን ነፍቶ «ጭካኔ ማለት ጥላቻ ነው፣ ጨካኝ ማለት ምንም ስሜት የሌለው ሰው ነው» ብሎ ሲጽፍና ሰዉ ሲያጨበጭብለት ሳይ አላስቻለኝም።

ወንድሜ፣ እስቲ መጀመሪያ አንተ ከራስህ ጋር ተስማማ፣ የሚጠላ ሰው እንዴት ነው ስሜት የሌለው?

ቃሉ ከ«ጨከነ» እንደመጣ ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱን አልፈዋለሁ። የሚረሳው ግን «ጨከነ» ብቻውን ሲቆም ክፉ ቃል አለመሆኑ ነው። እናት ልጇን ሩቅ አገር ለትምህርት ስትልክ «ጨክኜ ላክሁት» ትላለች። የሚያፈቅራትን ልጅ ማናገር የፈራ ጓደኛችንን «ጨከን ብለህ ንገራት እንጂ» እንለዋለን። ያረጀ በሬውን መሸጥ ያቃተው «ልቤ አልጨክን አለኝ» ይላል። እዚህ ሁሉ ጋ መጀመሪያ የሚራራ ልብ አለ፣ መጨከን ማለት እሱን ልብ ማሸነፍ ነው። ምንም የማይሰማው ሰው ምኑን አሸንፎ ይጨክናል? እሱ ደንዳና ነው፣ ሌላ ነገር ነው።

የኛ አገር ቡና ገበሬ ይሄን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ማና ወይ ጎማ ወረዳ ሂዱና ያረጀ ቡና ያለውን ሰውዬ ጉንደላ እንዲሰራ ምከሩት። ግንዱን ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ አስቀርቶ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው፣ ከዛ ደህና ለቀማ እስኪመለስ ሁለት ሶስት አመት ባዶ እጅ መቀመጥ። መልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉት ባለሙያዎች ይሄንኑ ይመክራሉ፣ እሱ ግን መጋዙን ይዞ አባቱ የተከለው ዛፍ ስር ይቆምና «አልጨክንም» ይላል። የጎነደለው ቀን ጨከነ እንላለን፣ ጨካኝ የሚለው ግን የለም። ግንዱ ሲያቆጠቁጥ ደግሞ ሁለት ሶስት ጠንካራ ቡቃያ መርጦ ሌላውን ማንሳት አለበት፣ እዛም እንደገና ይጨክናል። ጎረቤቱ በሌሊት ገብቶ ያንኑ ቡና ቢገዘግዘው ግን ያ ምቀኝነት ነው፣ ክፋት ነው፣ የሰውየውን ጉዳት ፈልጎ ነው የመጣው። ያው መጋዝ ያው ግንድ። (ምሳሌውን ጎተትኩት መሰለኝ፣ ቡና አያለቅስም፣ ጭካኔ የሚያለቅስ ይፈልጋል።)

ታዲያ መቼ ነው ወደ ጭካኔ የሚሻገረው? ሰዋስዉ ራሱ ያሳብቃል። ራራልኝ፣ ጨከነብኝ። «ል» ለጥቅም «ብ» ለጉዳት፣ እንደ ፈረደልኝና ፈረደብኝ። ጨከነ ካላችሁ በኋላ «በማን ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚጎዳ ሰው ካልተገኘ ጭካኔ የለም። መቼም «ብ» በገባ ቁጥር ጉዳት አለ ማለት አይደለም፣ እስክሪብቶ ገዝቶ ጻፈበት ስንል ማንም አልተጎዳም፣ እዛ «ብ» መሳሪያውን ነው የምታሳየው፣ ተማሪዎቼ ሁሌ እዚህ ጋ ይደናበራሉ።

ወደ ባጃጁ ስንመጣ፣ ሰውየው ቤንዚኑን አስልቶ አልቀንስም ቢል ግትር በሉት፣ ስግብግብም በሉት። ያው ሰው ግን ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ዳር እያቃሰተች እያየ፣ እየሰማ፣ ባዶ ባጃጁን ይዞ ቢያልፍ ያኔ ጨካኝ በሉት፣ እኔም አብሬያችሁ እላለሁ። ዱቤ የከለከለውን እያለው ከሆነ ንፉግ በሉት (የድሮውን ከፍላችሁ ከሆነ ነው እሱም)። ስልክ ያላነሳችዋ ዘጋችኝ ናት፣ በቃ።

እዚህ ጅማ ኦሮምኛውም ያግዘናል። ጨካኙን «ገራ ጀቤሳ» ይለዋል፣ ሆዱ የጠነከረ እንደማለት፣ ሩህሩሁን ደግሞ «ገራ ላፌሳ»፣ ሆዱ የላላ። ከኛ «ሆደ ቡቡ» ጋር ጎረቤት ናቸው። ሁለቱም ቋንቋ ነገሩን ሆድ ውስጥ ነው ያስቀመጠው፣ ጥላቻን ግን አንዱም አላነሳም።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን የዜናው «በጭካኔ» ነው። አሁን አሁን «ገደለው» ብቻውን አይጻፍም፣ «በጭካኔ ገደለው» ካልተባለ ዜና አይመስላቸውም። በ1996 የወንጀል ሕግ እኮ ቃሉ ክብደት አለው፣ ገዳዩ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ ወይም ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑ ከታየ አንቀጽ 539 ነው፣ እድሜ ልክ ወይም ሞት። ተራው የሰው ግድያ 540 ነው፣ ከ5 እስከ 20 አመት ጽኑ እስራት። ያቺ አንዲት ቃል ችሎት ላይ በማስረጃ የምትለይ ነገር ናት፣ ጋዜጠኛው ግን ሰውየው ገና ፖሊስ ጣቢያ እያለ ለማሳመሪያ ጣል ያደርጋታል። እኔ ጋ ለእርማት ከመጣች እሰርዛታለሁ፣ «ገደለው ተብሎ ተጠርጥሮ ተያዘ» ብዬ እመልሳለሁ፣ ደረቅ ሆነብን ይሉኛል፣ ይሁን።