ገርቤጅ ኮሌክተር ስታክ ውስጥ ምን ይፈልጋል?

ደብረ ብርሃን ላይ ፕሮግራሚንግ ከማስጠናቸው ልጆች አንዷ «ሥራው ቆሻሻ መጥረግ ከሆነ ስታክ ውስጥ ምን አገባው?» አለችኝ። ገርቤጅ ኮሌክተር ፕሮግራሙ የማይጠቀምበትን ሜሞሪ የሚያስለቅቅ ክፍል ነው፤ ስታክ ደግሞ በሥራ ላይ ያሉ ፈንክሽኖች ተለዋዋጮቻቸውን የሚያስቀምጡበት የሜሞሪ ቦታ። የኮሌክተሩ ስም ነው የሚያሳስተው። ኮሌክተሩ አስቀድሞ የሚያስሰው ቆሻሻውን ሳይሆን በሥራ ላይ ያለውን ነው።

የበግ ተራን አስቡት። ገመዱ በሰው እጅ ያለ በግ ባለቤት አለው፤ ከእሱ ጋር የታሰረውም እንዲሁ። ሁለት በጎች እርስ በርስ ታስረው ገመዳቸውን ማንም ካልያዘ ግን ባለቤት የላቸውም። በጎቹ ሂፕ በሚባለው የሜሞሪ ክፍል ላይ ያሉ ኦብጀክቶች (የፕሮግራሙ ዳታዎች) ናቸው፤ ገመዱ ፖይንተር፣ ማለትም የኦብጀክቱ አድራሻ ነው፤ እጆቹ ደግሞ የየትሬዱ (ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራሙ የሥራ መስመር) ስታክ፣ ሬጅስተሮች (የፕሮሰሰሩ ትንንሽ ማስቀመጫዎች) እና ከየትኛውም የፕሮግራሙ ክፍል የሚደረስባቸው ግሎባል ተለዋዋጮች።

ኮሌክተሩ ስታኩን ሲያስስ ትሬዱ ለምን ይቆማል? ቆጣሪው (ኮሌክተሩ) የአንዱን እጅ ባዶ ብሎ ካለፈ በኋላ ገመድ ቢቀበልበት፣ ባለቤት ያለው በግ እንደጠፋ ይቆጠራል። ስለዚህ ስታኩ እስኪታሰስ ትሬዱ ለአፍታ ይቆማል፤ አንዳንድ ኮሌክተሮች ሁሉንም ባንዴ፣ ሌሎች ተራ በተራ ያስቆማሉ።

ከባዱ ነገር ይኸውላችሁ፦ ስታክ ላይ ያለ 8 ባይት አድራሻ ይሁን ተራ ቁጥር በማየት ብቻ አይለይም። ጥንቁቁ ዘዴ አድራሻ የሚመስለውን ሁሉ አድራሻ ነው ብሎ ይይዛል። ይህ የሞተ ኦብጀክት ሊያስቀር ይችላል፤ በዚያ ላይ ኦብጀክቱን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር አይቻልም፣ ምክንያቱም አድራሻ የመሰለውን ሲያስተካክል የሰው ደመወዝ ቁጥር ሊለውጥ ይችላል። ትክክለኛው ዘዴ ግን ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አዘጋጅቶ በሚተወው ካርታ የትኛው ቦታ ፖይንተር እንደሆነ ያውቃል። ጎ ቋንቋ ስታክን በዚህ መንገድ ማሰስ የጀመረው በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው 1.3 ስሪቱ ነው።