የምስል ምርመራ ሲበዛ ቀዶ ሕክምና ይበዛል ወይስ ይቀንሳል?

አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና ኤም.አር.አይ እንደልብ በሚገኙበት አካባቢ የአንዳንድ ቀዶ ሕክምና ቁጥር ይጨምራል፤ የሌላው ደግሞ ይቀንሳል። ወሳኙ ነገር ምርመራው ለማን ታዘዘ የሚለው ነው።

ይህን እንደ ደቡብ ኮሪያ ቁልጭ አድርጎ ያሳየ አገር የለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1999 ብሔራዊ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ጀመረ። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ አካል) ምርመራ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ግን ሰው ለሌላው ምርመራ ከመጣ አይቀር፣ ትንሽ ብር ጨምሮ አንገቱን በአልትራሳውንድ መታየት ይችል ነበር። ብዙዎች ታዩ። መሣሪያውም በእጅ ቢዳሰሱ የማይታወቁ ጥቃቅን ዕጢዎችን ያወጣ ጀመር። በ2011 አዲስ የሚገኘው የታይሮይድ ካንሰር መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ደረሰ። በዚያ ዓመት ብቻ ከ40,000 በላይ ሰዎች ካንሰር አለባችሁ ተባሉ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ግን በዓመት ከ300 እስከ 400 ነበር፤ ቁጥሩም ንቅንቅ አላለም። ምርመራው ሕይወት እያዳነ ቢሆን ኖሮ ሟቹ በቀነሰ ነበር።

ካንሰር አለብህ የተባለ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ሁሉም ማለት ይቻላል ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ታይሮይዱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን የሆርሞን ኪኒን ይውጣል። ከታከሙት 11 በመቶ ያህሉ የሰውነትን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት ዕጢዎች ተጎዱባቸው። 2 በመቶዎቹ የድምፅ አውታራቸው ሽባ ሆነ። ከተገኙት የካንሰር ዕጢዎች ብዙዎቹ ሳይነኩ ቢቀሩም ባለቤታቸውን የማያስቸግሩ ነበሩና፣ ጉዳቱ በጣም ያሳዝናል። በ2014 የሐኪሞች ስብስብ ጤነኛ ሰው ላይ የሚደረገው ምርመራ እንዲቆም በይፋ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ቀዶ ሕክምናው በ35 በመቶ ገደማ ወረደ።

የወገብ ሕመምም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአሜሪካ ኤም.አር.አይ በብዛት በሚነሳበት አካባቢ የወገብ ቀዶ ሕክምናም በዛ ይላል። በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ምንም የማያማቸውን 98 ሰዎች በኤም.አር.አይ አይቶ ነበር። ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ) ሁሉ ደህና ሆኖ የተገኘው 36 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ውጤቱ ላይ «ዲስክ ተንሸራቷል» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ለቀዶ ሕክምና አያበቃም። እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ምርመራው ለነገ አይባልም።

ትርፍ አንጀት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሐኪሙ ሆድ ዳሶ ብቻ ሲወስን ደህና ትርፍ አንጀት የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ወጣት ሴቶች ላይ፣ የእንቁላል ማፍሪያ ሕመም ስለሚያሳስት። በ1998 ቦስተን ላይ በትርፍ አንጀት የተጠረጠሩ 100 ታማሚዎች ሲቲ ስካን ተነስተው 13ቱ ከማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ተርፈዋል።

በኢትዮጵያ ሁለቱም ገጽታ ጎን ለጎን አለ። አዲስ አበባ ውስጥ አቅም ያለው ሰው ለወገቡ በግል ኤም.አር.አይ ይነሳል። ከከተማ ራቅ ባለ ሆስፒታል ያለው ሐኪም ደግሞ ሲቲ ስካን በሌለበት፣ ሌሊት ሆዷን ይዛ የመጣችን ልጅ ትቀደድ ወይስ ትጠብቅ ብሎ በእጁና በልምዱ ይወስናል።